ጄኔራል የወለደች እናት የለችም

ሰሞኑን በአንድ የሬዲዮ ውይይት የቀረቡ እንግዳ ስለ ጦር ትምህርት ቤቶች ተጠይቀው፣ የጦር አዛዥ ይወለዳል እንጂ አይሠራም ብለው እርፍ አሉ። አወያዩ «ልክ ነው» አላቸው። ይሄኔ ሞቅ ብሏቸው ጨመሩበት፤ ለመኮንን ትምህርት የሚወጣው ገንዘብ መሣሪያ ቢገዛበት ይሻላል፣ ለመሆኑ ዓድዋ ላይ የተዋጉት የትኛው አካዳሚ ገብተው ነበር?

ይህቺ የዓድዋ ጥያቄ ትምህርት በተነሣ ቁጥር ትወረወራለች፤ የሚወረውራትም ሰው መልስ የላትም ብሎ ያምናል። መልስ አላት። ራስ አሉላ።

አሉላ የተምቤን ገበሬ ልጅ ናቸው። በኋላ ዐፄ ዮሐንስ ከተባሉት ከደጃች ካሳ ቤት ሥራ የጀመሩት በእልፍኝ አስከልካይነት ነው። ማን ይግባ፣ ማን ይቆይ ማለት ለተወለደ ጄኔራል የሚመጥን ሥራ አይመስልም። ግን እዚያ በር ላይ የሚቆም ሰው የትኛው መኳንንት ልቡ እንደሸፈተ፣ የትኛው ጦር ስንቁ እንዳለቀ፣ ጌታው ለማን ምን ብለው እንደመለሱ ይሰማል። ከዚያ በ1868 ከግብፆች ጋር ጉንደትና ጉራ፣ በ1878 ኩፊት፣ በ1879 ዶጋሊ መጡ። በመሀሉ የመረብ ምላሽ ገዥ ሆነው ግብር ሰብስበዋል፣ ከባዕድ መልእክተኛ ጋር ተደራድረዋል። በ1888 ዓድዋ ሲደርሱ ከግብፆች ጋር ከተዋጉ ሃያ ዓመት ሆኗቸዋል። አካዳሚ አልገቡም፤ እውነት ነው። እንግዳችን ግን ይህን ሁሉ ዓመት ዘልለው አሉላን ከእናታቸው ማኅፀን ቀጥታ ዓድዋ ላይ አወረዷቸው።

ተወልዷል የሚባለው ሁልጊዜ ካሸነፈ በኋላ ነው። ከጦርነቱ በፊት «ያ ሻለቃ የተወለደ አዛዥ ነው» ብሎ ጣቱን የቀሰረ ሰው ያምጡልኝ። እንግሊዛዊውን ዊልያም ስሊምን እናንሣ፤ ለእኛ ሩቅ ሰው አይደለም። የብረታ ብረት ነጋዴ ልጅ፣ አንደኛ ደረጃ አስተማሪ፣ ኋላም የኩባንያ ጸሐፊ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጋሊፖሊ ላይ ቆሰለ፣ ሜሶጶጣሚያ ላይ ደገመው። ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን ለፊልም አይመችም፤ የጉርካ ወታደሮችን ማሠልጠን፣ ኩዌታ የስታፍ ኮሌጅ መማር፣ ካምበርሊ ማስተማር፣ ደሞዙ አልበቃ ሲለው በብዕር ስም አጫጭር ልብ ወለድ ጽፎ ለመጽሔት መሸጥ። እ.ኤ.አ. በ1938 መጀመሪያ ላይ ገና ሻለቃ ነበር። ዕድሜው 46።

በጥቅምት 1933 ዓ.ም. በብርጋዴር ማዕረግ ጋላባትና መተማ ላይ ጣሊያንን አጠቃ፤ ዐፄ ዮሐንስ የወደቁበት መተማ። የጋላባትን ምሽግ ያዘ። ከዚያ ታንኮቹ ከድንጋዩና ከፈንጂው ጋር ተላትመው ቆሙ፣ የጣሊያን አውሮፕላን ወረደበት፣ የገዛ ሻለቃ ጦሩ ተደናግጦ ሸሸ፣ እሱም የያዘውን ለቆ አፈገፈገ። እንግዳችን የዚያን ቀን መተማ ቢገኙ ምን ይፈርዱ ነበር? «ይሄ አልተወለደም» ብለው ወደ ቤቱ ይሰዱት ነበር። ይኸው ሰው ከአራት ዓመት በኋላ ኢምፋል ላይ የጃፓንን ጦር ሰበረ፣ እ.ኤ.አ. በ1945 ራንጉን ገባ። በመሀሉ እ.ኤ.አ. በ1942 ከበርማ የተሸነፈ ጦር እየመራ አፈግፍጓል። የጀግንነት ምጥ የሚባለው የትኛው ቀን ላይ እንደመጣ ሊነግሩን ይችሉ ይሆን?

የተፈጥሮ ድርሻ የለም አላልኩም። ፈሪን ማንም አያስተምረውም፤ ይሁን። የሚያናድደኝ ሌላ ነው። አዛዥ ይወለዳል ብሎ የሚያምን መንግሥት አዛዥ ይረክስበታል። ዛሬ ብገድለው ነገ ሌላ ይወለድልኛል ይላል። ስታሊን እ.ኤ.አ. ከ1937 እስከ 1939 ከአምስቱ ማርሻሎቹ ሦስቱን ያጠፋው ጀርመን ከመምጣቷ ጥቂት ዓመት አስቀድሞ ነው።

ወደ ቤታችን እንምጣ፣ ሬዲዮው ይህን አያነሣም። ደርግ የናደው ዕዝን አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔን በየካቲት 1980 ረሸናቸው። ያን ግንባር፣ ያን ተራራ፣ ያን ወታደር የሚያውቁ ሰው ነበሩ። በመጋቢት የዕዙ መቀመጫ አፍአበት በሻዕቢያ እጅ ወደቀ። የዕዙ ውድቀት ሌላም ብዙ ምክንያት አለው፤ ግን ጠላት ደጃፍ ላይ ቆሞ አዛዡን የሚረሽን ሰው ምን ብሎ አስቦ ነው? ተተኪው ከሰማይ የሚወርድ መስሎት ካልሆነ በቀር። ትምህርቱም አልገባውም። ከግንቦት 1981ዱ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ፣ በግንቦት 1982 ዓ.ም. አሥራ ሁለት ጄኔራሎች በአንድ ጊዜ ተረሸኑ። እያንዳንዳቸውን ከምክትል መቶ አለቅነት እስከዚያ ለማድረስ ስንት ዓመት ፈጀ? በአንድ ሌሊት የሚቃጠል ሰነድ እንኳ ግልባጭ ይኖረዋል።

እንግዳችን ደግሞ ገንዘቡ መሣሪያ ይግዛበት ይላሉ። ጌታዬ፣ ናደው ዕዝ መሣሪያ አልጎደለውም። ታንክ ነበረው፣ መድፍ ነበረው፣ ቢኤም ነበረው። ከዚያ የተረፈውን ሻዕቢያ እየነዳ ወሰደው።