ቴርሞሜትሩ ለምን 93 ላይ ቆመ?

ባለፈው ለሴቶች ስብሰባ ቡሬ ሄጄ ሳለሁ አንዲት እኅት ወደ ጓዳ ጠራችኝና ክብ ፊትና ረጅም መርፌ ያለው የወጥ ቤት ቴርሞሜትር አሳየችኝ። ልጇ ከአዲስ አበባ የላከላት ነው። “እትዬ፣ ይኸ ነገር ተበላሽቷል። ውኃው እየተንተከተከ 93 ላይ ቆሞ አልነቃነቅ አለ። መቶ መድረስ አልነበረበትም?” አለችኝ። ልትጥለው ነበር።

አልሳቅሁባትም። እኔ ራሴ ፍኖተ ሰላም በገባንበት ዓመት በዚሁ ምክንያት አንድ ደህና ቴርሞሜትር ጥያለሁ።

ውኃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ጠለል ላይ ነው። ወደ ደጋ በወጣን መጠን ውኃውን ከላይ የሚጫነው አየር ስለሚቀንስ ቶሎ ይፈላል፤ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይጎድላል። ፍኖተ ሰላም 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውኃዋ 94 አካባቢ ይፈላል። ቡሬ 2,100 ገደማ ነችና 93 ላይ። እንግዲህ ቡሬ ላይ መቶ የሚያሳይ ቴርሞሜትር ቢገኝ የተበላሸው እሱ ነው! ከአሜሪካ የተላከላችሁ ደግሞ በፋራናይት የተጻፈ ሊሆን ስለሚችል 200 ላይ ቢቆም አትደንግጡ፤ ያው 93 ነው። ብዙዎቹ ባለ ክብ ፊቶች ከጀርባቸው ትንሽ ብሎን አላቸው። ከተሳሳተ መርፌውን ከሚፈላው ውኃ ሳታወጡ፣ እጃችሁን ከእንፋሎቱ ጠብቃችሁ፣ ብሎኑን በማዞር ወደ ትክክለኛው ቁጥር መመለስ ይቻላል።

ይህ ሁሉ ለምን ይጠቅማል ትሉ ይሆናል። እናቶቻችን ያለ ቴርሞሜትር አብስለው አሳድገውናል፤ ለዶሮ ወጥም አያስፈልግም፣ ሲንተከተክ ስለሚቆይ ሥጋው መብሰሉ አያጠራጥርም። እኔን ያሳመነኝ ወተት ነው። ባለቤቴ አንድ ክረምት ሙሉ ማታ ማታ ሲያተኩሰውና ሲያልበው፣ መገጣጠሚያውን ሲቆረጥመው ከረመ። ወባ ነው ብለን ስንታከም ቆይተን በመጨረሻ ብሩሴሎሲስ ሆኖ ተገኘ፤ በአገልግሎት በዞረበት ገጠር የቀረበለትን ጥሬ ወተት ሁሉ ይጠጣ ነበር። የከብት ሳንባ ነቀርሳም በዚሁ መንገድ ይተላለፋል።

አማቴ ግን ወተት ማፍላቱን አጥብቀው ይቃወሙ ነበር። “የፈላ ወተት አይረጋም” ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ወተቱን የሚያረጉት ረቂቅ ሕዋሳት ከበሽታው ጋር አብረው ይሞታሉ። መፍትሔው እንዲህ ነው፦ ወተቱን እያማሰላችሁ 72 ዲግሪ ስታደርሱት ለአንድ ደቂቃ ያህል እዚያው አቆዩት (ፋብሪካዎች በዚህ ሙቀት 15 ሰከንድ ይበቃቸዋል፤ በድስት ግን ሙቀቱ እኩል አይዳረስም)። ከዚያ ከድኖ ማቀዝቀዝ ነው። 30 አካባቢ ሲወርድ፣ ተፈልቶ ከረጋ ደህና እርጎ አንድ ማንኪያ ጣል ማድረግ፤ የመጀመሪያውን እርሾ ከሱቅ እርጎ ማግኘት ይቻላል። ከጥሬ ወተት የረጋ እርጎ ከጨመራችሁ ግን በሽታውን መልሳችሁ አስገባችሁት ማለት ነው። ቴርሞሜትር የሌላት እኅት ዝም ብላ ታፍላው፤ በ93 የፈላ ወተትም ከሚፈለገው በላይ ሞቋል፣ ደገኛ መሆናችን አይጎዳውም።

ለዚህ ሥራ ባለ ክብ ፊቱ በቂ ነው፤ ባትሪ አይፈልግም፣ ለገጠር ይስማማል። ጉድለቱ ሙቀቱን የሚለካው በጫፉ ብቻ ሳይሆን በታችኛው አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል መሆኑ ነው። ስለዚህ ለወተት፣ ለድፎ ዳቦና ለወፍራም ሥጋ እንጂ ለስስ ነገር አይሆንም። ለተጠበሰ ዶሮ ወይም ለተፈጨ ሥጋ ጫፉ ብቻ የሚለካው ባለ ባትሪው ይሻላል። ዶሮ በወፍራሙ የታፋ ክፍል አጥንት ሳይነካ 74፣ የተፈጨ ሥጋ 71 መድረስ አለበት። (ጥሬ ክትፎ የሚወዱ ወንድሞች ይቅር ይበሉኝ፤ የኮሶ ነገር ስለማይታለፍ ነው።) ስለ ድፎ ዳቦ አንድ ነገር ልጨምር፦ የውጭ አገር መጽሐፍ የዳቦው መሐል 96 ወይም 98 ይድረስ ቢላችሁ አትስሙት። በእኛ አገር እርጥበት ያለው ዳቦ ውስጡ ከ93 ብዙም አያልፍም፤ 96ን ስትጠብቁ ኮባው አርሮ ዳቦው ይደርቃል። 91 ወይም 92 ሲል አውጡት።

ለሳምቡሳና ለዶናት ዘይቱ ከ170 እስከ 180 ይፈለጋል። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፤ አንዳንዱ ባለ ክብ ፊት ቁጥሩ 100 አካባቢ ያልቃልና ዘይት ውስጥ ከገባ ይበላሻል። እስከ 200 እና ከዚያ በላይ የሚቆጥር፣ በድስቱ ጠርዝ የሚቆነጠጥ ግዙ። ጫፉም የድስቱን ቂጥ አይንካ።

በኮሮና ጊዜ፣ በ2012 እና በ2013 ዓ.ም.፣ በየበሩ ግንባራችን ላይ ይደቀን የነበረውን ሽጉጥ መሰል መለኪያ ለምጣድ ልንጠቀምበት ብላችሁ የጠየቃችሁኝ አላችሁ። አይሆንም። እሱ የተሠራው ለሰው ገላ ስለሆነ ከ42 ወይም ከ43 ዲግሪ በላይ አይቆጥርም። የምጣድ የሚሆነው ሌላ ነው፤ 200 አካባቢ ለሚግለው የእንጀራ ምጣድ ይሠራል፤ የሚያየው ግን ላዩን ብቻ ነው፤ የወጥን ወይም የሥጋን ውስጥ አያውቅም፣ በሚያብረቀርቅ ብረት ድስት ላይም ይዋሻል። ጠብታ ሊጥ ጥላ ምጣዷን የምታውቅ ሴት ገንዘቧን ለእሱ ባታወጣ እመርጣለሁ።

የትኩሳት መለኪያውን፣ ያንን የመስታወቱን፣ ወተት ውስጥ እንዳትከቱት። እኔ ከትቼ አይቻለሁ፤ በሙቀቱ ፈነዳ፣ ባዜቃው በወተቱ ውስጥ እንደ ዶቃ ተበታተነ። አራት ሊትር ወተት ነበር፤ ድመቷም እንዳትቀምሰው ብዬ ከነእንስራው ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፍሬ ቀበርሁት። የቡሬዋ እኅት ቴርሞሜትሯን ጠርጋ መልሳ ሰቅላዋለች።