ለፎቶ ከፍለን ቪዲዮ አንረከብ

የሠርግ ፎቶዎችን በሙዚቃ አጅቦ፣ ወደ ቪዲዮ ቀይሮ በዲቪዲ ማስረከብ በፎቶ ቤቶቻችን እንደ ደንብ ተቆጥሯል። ቤተሰብ ተሰብስቦ በቴሌቪዥን ሲያየው ደስ ይላል፤ ከፎቶዎቹ ጋር እንደ ምርቃት ቢሰጥ አልቃወምም። በደሉ ያለው ቪዲዮው በፎቶዎቹ ምትክ ሲሰጥ፣ ካሜራው የቀረጸው ጥሬ ፋይል ደግሞ ለሚቀጥለው ሠርግ ቦታ ይልቀቅ ተብሎ ሲደመሰስ ነው።

ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ አንዱን ፎቶ በ6000 በ4000 ፒክስል ይቀርጻል። እ.ኤ.አ. በ1996 ገበያ የወጣው ዲቪዲ ግን እኛ በምንጠቀምበት የፓል የቴሌቪዥን ሥርዓት ከ720 በ576 አያልፍም። ከ24 ሚሊዮን ፒክስል የሚተርፈው 414,720 ብቻ ነው፣ ከሃምሳ ሰባት አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ፎቶው ቁመታም ከሆነ ግራና ቀኙ በጥቁር ተሞልቶ ከዚያም ያንሳል። ቀለሙ ደግሞ ለየፒክስሉ አይመዘገብም፤ አራት ፒክስሎች አንድ የቀለም መረጃ ይጋራሉ። የሐበሻ ቀሚስ ጥለት በቴሌቪዥን ተድበስብሶ የሚታየው አንድም በዚህ ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስቆጨኝ የብርሃኑ ነገር ነው። ሠርጋችን ነጭ በነጭ ነው፤ ነጠላው፣ ጋቢው፣ ቀሚሱ በቀትር ፀሐይ ያንጸባርቃል፤ የለባሹ ፊት ደግሞ ጠይም ወይም ጥቁር ነው። ሁለቱን በአንድ ፎቶ በአግባቡ ማሳየት ለማንኛውም ካሜራ ፈተና ነው። ባለ 14 ቢት ጥሬ ፋይል ለእያንዳንዱ ፒክስል እስከ 16,384 የብርሃን ደረጃ ይይዛል። ባለሙያው የነደደ የመሰለውን ነጭ አብርዶ የሸማውን ፈትል ማውጣት፣ ጥላ የዋጠውን ፊት ማፍካት የሚችለው ከዚህ ክምችት ነው። ዲቪዲ ባለ 8 ቢት ነው፤ ደረጃው 256 እንኳ አይሞላም። አንዴ ከተቀየረ በኋላ ፊቱን ላፍካ ቢባል ምስሉ በየሳጥኑ ይሰባበራል እንጂ የጠፋው አይመለስም።

ፎቶ ቤቶች የሚሰጡት መልስ ደንበኛው ጥሬ ፋይል መክፈት አይችልም የሚል ነው። እውነት ነው፣ ሲአር2 ወይም ኤንኢኤፍ የሚባለው የጥሬ ፋይል ዓይነት በየስልኩ አይከፈትም። ግን በሙሉ መጠኑ የወጣ ጄፔግ በማንኛውም ስልክ ይከፈታል፤ ዲቪዲ ማጫወቻ ያለው ላፕቶፕ ግን ዛሬ በቀላሉ አይገኝም። ያላለቀ ሥራ አንሰጥም የሚሉም አሉ፤ ይህን እቀበላለሁ። ካልሰጡ ግን ያስቀምጡ። በፊልም ዘመን ነጋቲቩ ተጠብቆ ይቆይ ነበር፤ ከዓመታት በኋላም ሄዶ ማሳጠብ ይቻል ነበር። አንድ ሠርግ ላይ ሁለት ሺህ ፎቶ ቢነሳ ጥሬው 60 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል፤ ባለ 2 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ከ30 በላይ ሠርግ ይይዛል። የቦታ ጥበት ሰበብ አይሆንም።

ዲቪዲው አሜሪካ ላለ ዘመድ ሲላክ ሌላ ጣጣ ይመጣል። እዚያ ዲቪዲ የሚሠራው በኤንቲኤስሲ ሥርዓት ስለሆነ ብዙ ማጫወቻዎች የፓሉን አይቀበሉም። በፎቶ ቤት የሚቀዳ ዲስክ ምስሉን የሚይዘው በቀለም ንጣፍ ላይ ነው፤ ሙቀትና ፀሐይ ያበላሹታል። ፎቶው የተነሳበት ቀንና ሰዓትም ከተደመሰሰው ፋይል ጋር አብሮ ይጠፋል።

ችግሩ ጎልቶ የሚወጣው ግን ሐዘን ሲመጣ ነው። በሠርጉ ላይ የተነሱ አያት ያርፋሉ፤ ቤተሰቡ ለለቅሶ ቤት የሚሰቀል ፎቶ ይፈልጋል፤ ያለው ቪዲዮው ብቻ ነው። አቁመው በስልክ ያነሱታል። የዲቪዲ ምስል በተለመደው የኅትመት ጥራት፣ በኢንች 300 ነጥብ፣ ሲታተም ስፋቱ ስድስት ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ዋናው ፋይል ቢኖር በዚያው ጥራት ሃምሳ ሴንቲሜትር ይደርስ ነበር። ስለዚህ የእኒያ አያት ፊት ተለጥጦና ደብዝዞ ይሰቀላል።

ሙሽሮች ቀብድ ከመክፈላቸው በፊት ውሉ ላይ ይጻፍ፦ ፎቶዎቹ በሙሉ መጠናቸው በፍላሽ ወይም በሃርድ ዲስክ እንደሚሰጡ፣ ጥሬው ፋይል ለስንት ዓመት እንደሚቀመጥ፣ ሊደመሰስ ሲልም ቤተሰቡ አስቀድሞ እንደሚነገረው። በዚህ የማይስማማ ፎቶ ቤት ቀብድ አይሰጠው።