የጌም ኮምፒዩተር፤ ተገጥሞ ያለቀ ወይስ በቤት የሚገጠም?



በዚህ ዘመን ልጅ ወደ አባቱ ቀርቦ የሚለምነው ብስክሌት መሆኑ እየቀረ ጌም የሚያጫውት ኮምፒዩተር ሆኗል። ጨዋታው በምን ልክ ይገባል የሚለውን ለሌላ ወር አቆይተን፥ ሊገዛ የቈረጠ ወላጅ የዕቁቡን ገንዘብ በከንቱ እንዳይበትን በማሰብ ዛሬ ስለ መሣሪያው ልንነጋገር ወደድን።

ጥያቄው ዘወትር አንድ ነው፤ ያለቀለትን መግዛት ይሻላል ወይስ ክፍሎቹን ለየብቻ ገዝቶ መግጠም? ዐዋቂዎቹ ለብዙ ዓመታት የመለሱት «ግጠሙት፤ ይረክሳል» እያሉ ነበር፤ ምክንያትም ነበራቸው። ተገጥሞ በሚሸጠው ርካሽ ኮምፒዩተር ላይ ገዢው የሚያየው በመስተዋት ውስጥ የሚብለጨለጨውን ባለ ቀለም መብራትና የፕሮሰሰሩን ስም ነው። ሻጩ ወጪ የሚቀንሰው ግን ብዙ ጊዜ ከማይታየው፥ ይኸውም ከፓወር ሰፕላዩ ነው። ይህ ክፍል የቤቱን 220 ቮልት ተቀብሎ ለሌሎቹ መጥኖ የሚያድል ስለ ሆነ፥ ሲቃጠል ማዘርቦርዱንና ግራፊክስ ካርዱን አስከትሎ ሊሄድ ይችላል። መብራት ደጋግሞ በሚጠፋበት ሰፈር ይህ ተራ ነገር አይደለም።

ይሁን እንጂ በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ነገሩ ተለወጠ። ራም የሚሠሩት ፋብሪካዎች ምርታቸውን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ታላላቅ ማእከሎች ስላዞሩ፥ የራም ዋጋ በዓለም ገበያ በብርቱ ናረ። ማይክሮን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያም በኅዳር ወር፥ ክሩሻል በሚል ስም ለተራው ሸማች ሲሸጥ የኖረውን ምርት እንደሚተው አስታወቀ። ስለዚህ አዲስ ክፍል ለቅሞ መግጠም ይረክሳል የሚለው አሮጌ ምክር የራም ዋጋ ሳይጠየቅ ሊታመን አይገባውም።

እኛ አቅሙ ለተወሰነ ቤት የምንመርጠው ሦስተኛውን መንገድ ነው። በመሥሪያ ቤት ያገለገለ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ወይም ኤችፒ ኤሊትዴስክ ገዝቶ አንድ ግራፊክስ ካርድ መጨመር። ራሙ አብሮት ይመጣልና። ታዲያ ዐይን ገልጦ መግዛት ያሻል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ያደርግ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላቆመ፥ ዊንዶውስ 11 የሚቀበለው፥ ማለት የኢንቴል 8ኛ ትውልድ ወይም ከዚያ በኋላ የመጣ ፕሮሰሰር ያለበት ይሁን፤ ለምሳሌ ኮር አይ5-8500። የእነዚህ ኮምፒዩተሮች ፓወር ሰፕላይ አነስተኛ ነው፤ በብዙዎቹም ቅርጹና መሰኪያው የፋብሪካው የራሱ ስለ ሆነ ከገበያ በተገዛ አይተካም። ስለዚህ ካርዱ ከማዘርቦርዱ መሰኪያ በሚያገኘው 75 ዋት ብቻ የሚሠራ፥ ተጨማሪ ገመድ የማይጠይቅ መሆን አለበት። ጂቲኤክስ 1650 ከተባለው ይህን የመሰሉ ዓይነቶች ይገኛሉ። የኮምፒዩተሩ ሣጥን ጠባብ ከሆነ ደግሞ ቁመቱ ያጠረ ካርድ ካልሆነ አይገባም፤ ሳይለኩ ገዝቶ መመለስ ብዙ ነው። ይህ መሣሪያ እንደ ወጣ የሚወጣውን ከባድ ጌም ሁሉ አይሸከምም፤ ልጁም ይህን አስቀድሞ ቢሰማ ይሻላል።

መግጠምን ግን አንንቅም። ሙያውን ሊማር ለተነሣ ጐልማሳ ከማናቸውም ይበልጥበታል፤ የተበላሸውን ክፍል ለይቶ መለወጥን ያውቃልና። እንዲህ ላለው ራይዘን 5 5600ጂ የመሰለ፥ ሥዕል የሚያወጣው ክፍል በውስጡ ያለበት ፕሮሰሰር ይስማማዋል፤ ካርዱ ገንዘብ ሲገኝ ይታከላል። ራሙን ግን በአንድ 16 ጊጋ ፈንታ በሁለት 8 ጊጋ ያድርገው፤ የዚህ ፕሮሰሰር የጌም ፍጥነት በዚህ በጣም ይለያያል። በየወሩ አንድ አንድ ክፍል እየገዙ ማከማቸት የሚመስለውን ያህል ብልኀት አይደለም፤ የፊተኛው ሳይሞከር ዋስትናው ሊያልፍ ይችላል።

ከአሜሪካ ዘመድ ፓወር ሰፕላይ የላከላችሁ ከሆነ፥ ከመሰካታችሁ በፊት ጀርባውን ተመልከቱ። በአንዳንዱ ላይ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማብሪያ አለ፤ በ115 ላይ ሳለ በኛ አገር መብራት ቢሰካ ወዲያው ይቃጠላል።

ያገለገለውንም ስትገዙ ገንዘቡ ሳይቈጠር በፊት እዚያው ሱቅ ግማሽ ሰዓት ያህል ጌም ይጫወቱበት፤ ሻጩ እንቢ ካለ ወደሚቀጥለው ሱቅ መሻገር ነው።