ጣት የምታውቅ መጋዝ

ሰሞኑን በግቢያችን የሚናፈሰው ወሬ ስለ ፈተና አይደለም፤ ስለ ምደባም አይደለም። ስለ መጋዝ ነው። ከመካከላችን አንዱ በስልኩ ያመጣውን ፊልም ያላየ ሠልጣኝ የለም ማለት ይቻላል። መምህራንም በሻይ ሰዓት ጎንበስ እያሉ አይተውታል። አንድ ሰው በሚሽከረከር የጠረጴዛ መጋዝ ላይ ቋሊማ አስተኝቶ ይገፋል። ቋሊማው የመጋዙን ጥርስ በነካበት ቅጽበት ጧ! የሚል ድምፅ ይሰማል፤ መጋዙ ቆሟል፤ ከጠረጴዛው በታች ሰምጧል። ቋሊማው ላይ የቀረው ጭረት ብቻ ነው። «ይቺን ለወርክሾፓችን!» ያላለ የለም። እኛም ብለናል። ነገር ግን ካልን በኋላ ተቀምጠን ተነጋገርንበት፤ የተነጋገርነውንም በዚህ ግድግዳ ላይ ለማስፈር ወሰንን። የወርክሾፑ የግዥ ዝርዝር በቅርቡ ይወጣል ተብሏልና፣ ዝርዝሩ ከወጣ በኋላ መጻፍ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የሚሆነው።

በመጀመሪያ ነገሩን እንደ ነገሩ እናስረዳ። ይህ መጋዝ አዲስ የሆነው ለእኛ ነው እንጂ ለሕዝብ የታየው ከሩብ ምዕተ ዓመት በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ፣ በአትላንታ ከተማ በተደረገው ዓለም አቀፍ የእንጨት ሥራ የንግድ ትርዒት ላይ ነበር የቀረበው። የሠራው ስቲቭ ጋስ የሚባል ሰው ሲሆን፣ በትምህርቱ የፊዚክስ ዶክተር፣ በእንጀራው የፈጠራ መብት ጠበቃ፣ በትርፍ ጊዜው ደግሞ አናጢ ነው። ሐሳቡ የመጣለት ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ነው። በቋሊማ ብቻ አላበቃም፤ የገዛ ጣቱንም አስነክቶ ሞክሯል። (ይህንን ሙከራ በእኛ ወርክሾፕ ማንም እንዳይደግመው አደራ እንላለን፤ የእኛዋ መጋዝ ጣትና ጣውላ አትለይም።)

አሠራሩ የፊዚክስ መምህሮቻችን ቢፈልጉ የአንድ ክፍለ ጊዜ ትምህርት ይወጣዋል። በመጋዙ ላይ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ምልክት ይላካል። ደረቅ እንጨት ኤሌክትሪክ እምብዛም ስለማያስተላልፍ ምልክቱ እንዳለ ይቆያል። የሰው ገላ ግን ውሃና ጨው ያለበት ነውና ያስተላልፋል፤ ጣት ሲነካው ምልክቱ ይለወጣል። ያን ጊዜ ሞላውን ወጥሮ የያዘው ቀጭን ሽቦ ይቀልጣል፤ ሞላው ተፈትቶ አንድ ጠጠር ያለ የአሉሚኒየም ቁራጭ ወደ መጋዙ ጥርስ ይገፋል፤ ጥርሱ አሉሚኒየሙን ነክሶ ይቀራል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው በ5 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። ዓይናችንን ጨፍነን እስክንገልጥ ድረስ ብዙ ጊዜ ተመላልሶ ይሠራል ማለት ነው።

ታዲያ በዚያ ትርዒት ላይ ምን ሆነ? ሰው ተሰብስቦ አየ፤ አደነቀ። መጋዝ የሚሠሩት ትላልቅ ኩባንያዎች ግን ፈጠራውን ገዝተው በመሣሪያዎቻቸው ላይ ለመግጠም አልተስማሙም። ሰውየውና ጓደኞቹ የራሳቸውን ድርጅት አቋቁመው የመጀመሪያዎቹን መጋዞች ለገበያ እስኪያቀርቡ ድረስ እስከ 2004 ቆዩ። ይህ ሲሆን በዚያው አገር የጠረጴዛ መጋዝ በየዓመቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ያቆስላል፤ 4 ሺህ ያህሉ ጣታቸውን ወይም የጣታቸውን ጫፍ ያጣሉ። ለትርዒት ማጨብጨብ ርካሽ ነው ለማለት ነው። በእኛም አገር ቢሆን፣ ለምሳሌ በ2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሚሊኒየም አዳራሽ በተካሄደው የኢትዮጵያ ታምርት ኤክስፖ ዓይነት ዝግጅት ላይ፣ ወይም ደግሞ በጀርመን ሃኖቨር ከ1975 ጀምሮ በየሁለት ዓመቱ በሚደረገው ሊግና በተባለው ታላቅ የእንጨት ሥራ ትርዒት ላይ፣ ማሽን የሚታየው ተወልውሎ፣ ሞተሩ በአዲስ ገመድ ተያይዞ፣ ባለሙያው አጠገቡ ቆሞ ነው። ከዚያ የወጣው ማሽን በሁለተኛው ዓመት ምን እንደሚመስል የሚያሳይ ትርዒት እስካሁን አልሰማንም።

ወደ ራሳችን እንመለስ። ያቺ መጋዝ ጣት ባዳነች ቁጥር የአሉሚኒየሙ ቁራጭ ከነሣጥኑ ይጣላል፤ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚያገለግለው። የመጋዙም ጥርስ አብሮ ይበላሻል። አንድ ጣት በአንድ ሣጥንና በአንድ ጥርስ ቢዋጅ ማን ይጠላል፤ እኛም አንጠላም። ጥያቄው ሌላ ነው። በጣም እርጥብ እንጨት ወይም በእንጨት ውስጥ የተደበቀ ሚስማርና ሌላ ብረትም ያንኑ ሣጥን ሊያስፈነዳው ይችላል። ይህን ስንሰማ እርስ በርሳችን ተያየን። ምክንያቱም አብዛኞቻችን ለማስተማር ልምምድ ዲማ ሄደን የመጣን ነን፤ እዚያ ያለው እንጨት ምን ዓይነት እንደሆነ እናውቃለን።

ዲማን የማያውቅ ሠልጣኝ ካለ፣ ከክልላችን በስተደቡብ፣ ከሚዛን ተፈሪ ሲመጡ ደጋውን ጨርሰው ወደ ቆላው ወርደው የሚያገኟት ወረዳ ናት። ስሟ ሲነሣ ሰው ቶሎ የሚያስበው ወርቅ ነው፤ ቀደም ያሉት ደግሞ የሱዳን ስደተኞች ሠፈር ያስታውሳሉ። እኛ ግን የምናስታውሰው አንድ አናጢ ነው። ስሙን አንጽፍም፤ ጋሼ ነው የምንለው። የሚሠራው በቆርቆሮ ጥላ ሥር ነው። እንጨቱ አንዳንዱ ከደጋው በኩል የመጣ እርጥብ ጣውላ፣ አንዳንዱ የፈረሰ በርና ሣጥን ነው። አሮጌውን እንጨት ከመንካቱ በፊት በመዳፉ እየዳበሰ፣ ከዚያም በመዶሻ ጫፍ እያንኳኳ ሚስማሩን ይፈልጋል። ያገኘውን ይነቅላል፤ አቃንቶ በቆርቆሮ ጣሳ ያጠራቅማል። ትዕግሥቱ ገረመን። «ጋሼ፣ ለምን ዝም ብለው አይቆርጡትም?» ብለን ብንጠይቀው የግራ እጁን ዘረጋልን። ከአመልካች ጣቱ የመጀመሪያዋ አንጓ የለችም። ድሮ ሌላ ቦታ፣ በሰው ድርጅት፣ በሞተር መጋዝ ሲሠራ ነው። «መከለያው ነበረው፤ ሥራ ያዘገያል ብለው አውልቀውት ነው» አለን። ከዚያ በኋላ ሌላ አልተናገረም፤ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ይህችን ንግግር ይዘን ነው የመጣነው። ወደ ግቢያችን ስንመለስ በመጀመሪያ ያደረግነው ነገር ወርክሾፕ ገብተን የራሳችንን መጋዝ ማየት ነበር። መከለያ የላትም። ከመጋዙ ጀርባ መቆም ያለባት ቀጭን ብረትም የለችም። ይህች ብረት ተራ ነገር አይደለችም። የተሰነጠቀው እንጨት ተመልሶ ሲገጥም የመጋዙን ጀርባ ይጨብጣል፤ የጀርባው ጥርስ ደግሞ ወደ ላይና ወደ ሠራተኛው ነው የሚዞረው፤ ስለዚህ እንጨቱን እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ሆድ ላይ ይወረውረዋል። ብረቷ ስንጥቁ እንዳይገጥም ትከላከላለች። የሰው እጅም ብዙ ጊዜ ወደ መጋዙ የሚገባው እንጨቱ በድንገት ሲወረወርና እጅ የሚደገፍበት ሲያጣ ነው። እንግዲህ ቋሊማውን ከማድነቃችን በፊት፣ ገንዘብ የማትጠይቀውን ብረት ማን እንዳወለቃት ብንጠይቅ አይከፋም። ያለፈው ዓመት ሠልጣኞች ናቸው ይባላል፤ እነሱም ከበፊቶቹ ነው ይላሉ። እንደዚህ እያልን እስከ መጀመሪያው ቀን ልንሄድ ነው።

መግፊያ እንጨት የሚባለውም ነገር አለ። አንድ ክንድ የሚያህል ቁራጭ ጣውላ ጫፉን ቆርጠን ብናበጀው፣ ትንሹን እንጨት በእጃችን ሳይሆን በእርሱ እንገፋለን። ይህንን በ10 ደቂቃ ውስጥ ሠርተን ወርክሾፑ ግድግዳ ላይ ሰቅለነዋል። ሦስት ናቸው። እባካችሁ ለሻይ ማፍያ አትማግዷቸው።

አሁን ወደ ግዥው። አንዳንድ ጓደኞቻችን «ዘመኑ የሲኤንሲ ነው፤ በአዲስ አበባ በሩ ሁሉ በኮምፒዩተር እየተቀረጸ እኛ በእጅ መጋዝ ልንማር ነው?» ይላሉ። ንግግራቸው ዋዛ አይደለም። ከእንጨት ጋር የሚኖር ወጣት ነገ የሚያገኘው ሥራ ምናልባት ያ ነው። ሁለቱ የዚህ ጽሑፍ ተባባሪዎችም እስከ መጨረሻው ድረስ ከዚህ ሐሳብ አልወረዱም፤ ስማቸው ከእኛ ጋር ያለው በሌላው ስለተስማሙ ነው። ነገር ግን እኛ አናጢ ልንሆን አልመጣንም፤ መምህር ልንሆን ነው። የምንመደበው ዲማን ወደመሰለ ቦታ ነው። እዚያ በተለማመድንበት ትምህርት ቤት ከክፍሉ ጥግ የተከመሩ ዴስኮች አይተናል። የብዙዎቹ ሕመም አንድ ነው፦ መቀመጫው ከእግሩ ጋር የተጣመረበት ቦታ ላልቷል፤ የቀረው ደኅና ነው። ልጆቹ ግን መሬት ላይ ነው የሚጽፉት። አንድ የእጅ መጋዝ፣ አንድ መሮ፣ መዶሻ፣ ስኳድራና ጥቂት ኮላ ያለው መምህር በአንድ ቅዳሜ ስንቱን ያነሣው ነበር! እኛ ሁለት ሳምንት እዚያ ቆይተን አንዱንም አላነሣንም። መሣሪያ አልነበረንም፤ እውነቱን ለመናገር ቢኖረንም አንችልበትም ነበር። መሮ እንዴት እንደሚሳል ከመካከላችን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም ከአባቱ የተማረው ነው።

ይህ ድክመት የእኛ ብቻ አይደለም፤ ታሪክ አለው። በ1950ዎቹ ኮምፕሪሄንሲቭ የተባሉት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ ከቀለሙ ጎን የእንጨትና የብረት ሥራ ወርክሾፕ ነበራቸው። የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክም በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ሲከፈት ዓላማው ሙያተኛ ማውጣት ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ ሙያውን ከ10ኛ ክፍል በኋላ ለብቻው ወደሚሰጥ ሥልጠና ወሰደው፤ የየትምህርት ቤቱ ወርክሾፕም ብዙ ቦታ ዕቃ ማከማቻ ሆኖ ቀረ። አሁን በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ መዋል በጀመረው ሥርዓተ ትምህርት የሙያና ቴክኒክ ትምህርት ወደ 7ኛና 8ኛ ክፍል ተመልሷል። መጽሐፉ መጣ፤ መሮውስ? ይህንን ትምህርት የምናስተምረው እኛ ነን እኮ። ልጅ «መምህር፣ አሳየን» ሲል መጽሐፉ ላይ ያለውን ሥዕል ልናሳየው ነው?

ስለዚህ ለግዥው ኮሚቴ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ለአንድ ትልቅ ማሽን የታሰበው ገንዘብ በመጀመሪያ ለእጅ መሣሪያ ይዋል፤ ሁለት ሠልጣኝ አንድ ሙሉ ስብስብ እንዲደርሰው ሆኖ፣ የመሳያ ድንጋይና ሞረድ ሳይረሳ። ድንጋዩ ሁልጊዜ ይረሳል። ያልተሳለ መሮ ደግሞ ከተሳለው ይልቅ አደገኛ ነው፤ ሰው በኃይል ሲገፋው ያመልጠዋል። ከዚያ የተረፈው ገንዘብ ያለችንን መጋዝ ለማደስ ይሁን። ከዚያም አልፎ የሚተርፍ ካለና አዲስ መጋዝ ይገዛ ከተባለ፣ የሚያቀርበው ነጋዴ መለዋወጫውን ከየት እንደሚያመጣ በጽሑፍ ይጠየቅ። መብራቱም ይታሰብበት፤ ባለ ስሪ ፌዝ ሞተር ገዝቶ መስመር መለመን የትም የታየ ነገር ነው።

ሌላው ሐሳባችን ጥቂት መምህራንን ቅር እንዳያሰኝ እንሠጋለን፤ ቢሆንም እንጽፈዋለን። ጋሼ በሴሚስተር ለአንድ ሳምንት ቢጋበዝልን ምን ነበረበት? ዲፕሎማ የለውም። የትራንስፖርቱና የአበሉ ወጪ ከአንድ የመጋዝ ጥርስ ዋጋ ብዙ አይርቅም። እርሱ አጠገብ የቆምነው ሦስት ቀን ብቻ ነው፤ በሦስቱ ቀን ግን የእንጨትን አቅጣጫ በዓይን ማንበብ፣ እርጥቡን ከደረቁ በክብደቱና በድምፁ መለየት፣ ምስጥ የገባበትን ጣውላ ጫፉን ብቻ አይቶ መጣል አሳይቶናል። በቆላ አገር ምስጥን የማያውቅ አናጢ ቤት የሚሠራው ለምስጥ ነው። መምህሮቻችን ንድፈ ሐሳቡን፣ እርሱ እጁን ቢሰጡን እኛ እናተርፋለን።

ስለ ጣት የምታውቀው መጋዝ የነበረን አድናቆት አልቀነሰም። እንዲያውም ፊልሙን ደጋግመን ባየን ቁጥር የሚገርመን ከብረቱ ይልቅ ሰውየው ነው፤ አደጋውን የሠራተኛው ጥፋት ነው ብሎ አላለፈውም፤ የመጋዙ ጥፋት አድርጎ ያዘው። በወርክሾፓችን በር ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ግን «በግዴለሽነት ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊነቱ የሠልጣኙ ነው» ይላል። ከወረቀቱ ጎን መከለያ የሌላት መጋዝ ቆማለች።

መከለያዋን አግኝተናታል። ባለፈው ዓርብ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሲጸዳ ከአሮጌ ጎማ ሥር ወጥታለች፤ ሁለት ብሎን ይጎድላታል፤ ቀጭኗም ብረት አብራት አለች። ለማስወጣት ፊርማ ያስፈልጋል ተብለናል። የሚፈርሙት ሰው ይህንን ግድግዳ በየጠዋቱ ቆመው እንደሚያነቡ እናውቃለን። የመጋዙ ልምምድ የሚጀምረው ሐሙስ ነው፤ ብሎኖቹን እኛ ገዝተናል።