እጅ የነሳው አለቃ

ኅዳር 26 ቀን 2015 ዓ.ም ምሽት በኳታሩ አል ጃኑብ ስታዲየም ጃፓን በክሮኤሺያ ተሸንፋ ከዓለም ዋንጫ ተሰናበተች። ጨዋታው 1 ለ 1 ካለቀ በኋላ ሚናሚኖ፣ ሚቶማና ዮሺዳ የመቷቸውን ፍፁም ቅጣት ምቶች የክሮኤሺያው በረኛ ሊቫኮቪች መለሳቸው። አሰልጣኙ ሃጂሜ ሞሪያሱ ደጋፊዎቹ ወዳሉበት አመራ። እጆቹን ከጎኑ ሰብስቦ ከወገቡ እጥፍ አለ፤ ቶሎም ቀና አላለም።

የዚያች ቅጽበት ፎቶ ዓለምን አዳረሰች። እኔም ስልክ ላይ «መሪ ማለት ይህ ነው» ከሚል ጽሑፍ ጋር ደርሳኛለች።

ሞሪያሱን ኢንተርኔት ሁልጊዜ እንዲህ አልወደደውም። መስከረም 2014 ዓ.ም ቡድኑ በማጣሪያው በሳዑዲ ዓረቢያ ሲሸነፍ «ሞሪያሱ ይባረር» የሚለው ጥሪ በጃፓን ማኅበራዊ ሚዲያ ተቀጣጥሎ ነበር። በኳታር ጀርመንን 2 ለ 1 ሲረታ ሰዳቢዎቹ አመስጋኝ ሆኑ፤ በአራተኛው ቀን በኮስታሪካ 1 ለ 0 ሲሸነፍ እርግማኑ ተመለሰ፤ ስፔንን ሲያሸንፍ ደግሞ ውዳሴው። ጨዋታ እየተካሄደ የሚሞነጫጭርበት ማስታወሻ ደብተሩ እንኳ የቀልድ ርዕስ ሆነ፤ ስሙ የተጻፈበት ሰው ስለሚሞትበት ደብተር ከሚተርከው «ዴዝ ኖት» ጋር አመሳሰሉት። ጃፓኖች እንዲህ ያለውን መለዋወጥ «መዳፍ ማገላበጥ» ይሉታል። እኛ ደግሞ ሆሳዕና ያለ አፍ ስቅሎ ሲል እናውቃለን።

ሰውዬው ግን ያው ነበር፤ ደብተሩም ያው። ሽንፈትንም ቢሆን የተዋወቀው በፎቶዋ ቀን አልነበረም። ጥቅምት 1986 ዓ.ም እዚያው ዶሃ ውስጥ ጃፓን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ዓለም ዋንጫ ለማለፍ ደቂቃዎች ሲቀሯት ኢራቅ በጭማሪ ሰዓት አቻ አደረገች፤ ሕልሙም ተነነ። ሞሪያሱ ያን ዕለት በአማካይ መስመር ተሰልፎ ነበር።

እጅ መንሳት ለእኛም እንግዳ አይደለም። እጅ የሚነሳው ግን ታናሽ ለታላቅ፣ ባለጉዳይ ለባለሥልጣን ነው። ፎቶዋ ልቤን የነካችው ይህን ሥርዓት ስለገለበጠችብኝ ነው። አለቃው ሥራውን ለሚመለከቱት፣ ትኬት ቆርጠው አገር አቋርጠው ለመጡት ሰዎች ጎነበሰ፤ ያውም በተሸነፈበት ቀን። ባሸነፈበት ቀን ማመስገን ማንም ያውቅበታል።

ይህ ትሕትና ደግሞ ለካሜራ የተፈጠረ ጠባይ አይደለም። የጃፓን ተማሪዎች ከልጅነታቸው ክፍላቸውን ራሳቸው ይጠርጋሉ። ደጋፊዎቹ ከጨዋታ በኋላ በሰማያዊ ፌስታል ቆሻሻ ይለቅማሉ። ተጫዋቾቹም ጀርመንን ባሸነፉ ምሽት መልበሻ ክፍሉን አጽድተው፣ ከወረቀት የታጠፉ ወፎችና «ሹክራን» የሚል ምስጋና ትተው ወጥተዋል።

ፎቶዋ ሌላ ጊዜ ተመልሳ ስትደርሰን የምናውቃቸውን አለቆች ለመውቀስ እንቸኩላለን። እኔ ግን ራሴን የምጠይቀው ሌላ ነው። ስንቶቻችን በያዝናት ትንሽ ወንበር ላይ ሆነን፣ በመስኮታችን ፊት የቆመውን ባለጉዳይ «አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ» ብለነው እናውቃለን?