ለአያትም ለልጅ ልጅም የማይሆን ጉዞ

የትምህርት ቤት ዕረፍት ሲቃረብ በቤተሰብ የዋትስአፕ ግሩፖች ውስጥ አንድ ዓይነት ዕቅድ ይዘዋወራል። አያት ከአዲስ አበባ፣ የልጅ ልጆች ከዋሽንግተን ወይም ከስቶክሆልም ተነሥተው ሮም ይገናኛሉ፤ ከዚያ ወደ ደቡብ ጣሊያን ባሕር ዳርቻ ይወርዳሉ። አንድ ሌሊት ናፖሊ፣ ግማሽ ቀን ፖምፔይ፣ ደርሶ መልስ ካፕሪ፣ ሁለት ሌሊት ፖዚታኖ፣ ምሳ አማልፊ፣ ፎቶ ራቬሎ፤ ቀጥሎ አገር አቋርጦ ማቴራ፣ አልቤሮቤሎ፣ ባሪ። ጊዜ ከተረፈ ሲሲሊም አለች። ይህ ሁሉ በዐሥር ቀን ይጠናቀቃል ይባላል። ዕቅዱን የሚያወጡት ብዙውን ጊዜ በመካከል ያሉት ወላጆች ናቸው። ሥራ ስለማይለቃቸው እነሱ አይሄዱም።

ልጆቻቸው አያታቸውን እንዲያውቁ፣ እናታቸውም ዓለምን እንድታይ መመኘታቸው የሚያስመሰግን ነው። ዕቅዱን ግን እቃወማለሁ። የቦታ ዝርዝር አለው፤ የተጓዥ ዝርዝር የለውም። የሰባ ዓመት እናት ጉልበት የት ላይ ተጻፈ? የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ እንቅልፍስ? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ ከፎቶ እየተለቃቀመ የተሰፋ ዕቅድ የሚፈታው መንገድ ላይ፣ ሻንጣ በእጅ ተይዞ ነው።

ፖዚታኖን እንመልከት። በየስልኩ የምናያት ያቺ ቀለማም ከተማ ገደል ላይ የተገነባች ናት። አውቶቡስ የሚያልፈው ከላይ ነው፤ ባሕሩ ከታች ነው፤ በመካከል ያለው በአብዛኛው ደረጃ ነው። ከቤት ወጥቶ ዳቦ ለመግዛት ደረጃ፣ ከባሕር ወጥቶ ገላ ለመታጠብ ደረጃ። ሻንጣ በክፍያ የሚሸከሙ ሠራተኞች አሉ፤ አያትን የሚሸከም ግን የለም። ታች ሲደረስ ደግሞ ዳርቻው አሸዋ ሳይሆን ግራጫ ጠጠር ነው፤ ሰፊው ክፍል በተከራዩ አልጋዎችና ጥላዎች ተይዟል። ጎረምሳው ሰልፊውን አንሥቶ በሩብ ሰዓት ይጨርሳል። አያቲቱ ቀና ብለው ወደ መጡበት ደረጃ ያያሉ።

መንገዱም ሌላ ፈተና ነው። ቁጥር 163 የተባለው ብሔራዊ መንገድ በገደል ጠርዝ ላይ የሚጠማዘዝ ጠባብ መስመር ነው። መጨናነቁ ስለበዛ በበጋ ወራት በተወሰኑ ቀናት ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት መኪኖች በሰሌዳ ቁጥራቸው ሙሉና ጎዶሎ እየተባለ በፈረቃ እንዲገቡ ተደንግጓል። ሲታ የተባለው የአካባቢው አውቶቡስ ከተነሣበት ሞልቶ ስለሚመጣ በመካከለኛ ፌርማታዎች ሳይቆም ሊያልፍ ይችላል። መኪና እንከራይ የሚሉ ደግሞ በየከተማው መሐል ለነዋሪ ብቻ የተፈቀደ፣ በካሜራ የሚጠበቅ ክልል እንዳለ ይወቁ፤ ቅጣቱ ከወራት በኋላ ቤት ድረስ ይመጣል።

የዚህ ዓይነት ዕቅድ ተከራካሪዎች አንድ ጠንካራ መልስ አላቸው፦ «ዕድሜ ልክ አንዴ ነው የሚሄዱት፤ አማልፊን ሳያዩ ይመለሱ?» አይመለሱ፤ ይዩት። ማየትና ማደር ግን ለየቅል ናቸው። ከሮም በፈጣን ባቡር ሁለት ሰዓት ገደማ የሚርቀው ሳሌርኖ ሜዳ ላይ ያለ የወደብ ከተማ ነው። ባቡር ጣቢያው መሐል ከተማ፣ የባሕሩ መናፈሻ መንገድ ረጅምና ደልዳላ፣ ዋጋውም ፖዚታኖ ከሚጠየቀው በብዙ ያነሰ ነው። ከፀደይ እስከ መጸው ከዚያ የሚነሣ ጀልባ አማልፊ በ35 ደቂቃ ያህል፣ ፖዚታኖ ከአንድ ሰዓት በጥቂት በበለጠ ጊዜ ያደርሳል። ደግሞም ያ የባሕር ዳርቻ ከሁሉ በላይ የሚያምረው ከባሕሩ ሆነው ሲያዩት ነው። ገደሉን፣ የሎሚ እርከኖቹን፣ ቤቶቹን አንድ ላይ የሚያሳየው ጀልባው ነው። ባሕሩ ከተናወጠ ጀልባው ይቀራል፤ በአንድ ከተማ የሰፈረ ቤተሰብ ግን ነገ ይሄዳል፤ በየሌሊቱ ከተማ የሚለውጥ ቤተሰብ ነገ የለውም። የሳሌርኖ የራሱ ዳርቻ የሚያስደምም አይደለም። መዋኘት ለሚፈልግ ቪዬትሪ በባቡር ቅርብ ናት።

ሁለተኛው ስሕተት ልጆቹን ይመለከታል። «ጎረምሳ ባሕርና ዋይፋይ ካገኘ ሌላ አይፈልግም» የሚለው አባባል እንደ ዕውቀት ይነገራል። ከዚያው ጎን ለጎን ያንኑ ልጅ ከማለዳው 12 ሰዓት ቀስቅሶ ለፖምፔይ ሰልፍ ማሰለፍ ተለምዷል። በዚያ ዕድሜ የሰውነት ሰዓት ወደ ሌሊት እንደሚገፋ ሐኪሞች የሚያውቁት ነገር ነው፤ ስንፍና አይደለም። አያት ደግሞ ጎሕ ሲቀድ የሚነሡ ናቸው። ዕቅድ አውጪው ይህን እንደ ጠብ ያየዋል፤ እኔ እንደ ስጦታ አየዋለሁ። ማለዳው የአያት ይሁን፦ ፀሐይ ሳይበረታ ገበያ፣ ቡና፣ ቤተ ክርስቲያን። የሳሌርኖ ካቴድራል ምድር ቤት ውስጥ የወንጌላዊው የማቴዎስ መቃብር ነው የሚባለው አለ፤ በምዕራብ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት ማቴዎስ ኢትዮጵያ ገብቶ ሰብኮ በሰማዕትነት ያረፈ ሐዋርያ ነው። አማልፊ ላይ የእንድርያስ አጽም፣ ባሪ ላይ የቅዱስ ኒኮላስ። አንዲት የተዋሕዶ እናት ከዚህ በላይ የምትሻው ፎቶ የለም። ምሽቱ ደግሞ የልጆቹ ነው፤ ጣሊያን እራት የሚበላው ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ነው፤ የከተማው ሰው ሁሉ ወጥቶ የሚንሸራሸረውም ያኔ ነው። የጋራው ጊዜ ከቀትር በኋላ ይሁን፤ በቀን አንድ ነገር ብቻ።

ልጆቹ ታሪክ አይወዱም የሚለውም ቢሆን የታሪኩን አቀራረብ የሚሸፍን ሰበብ ነው። ፖምፔይ 66 ሄክታር ነው፤ በቀን 20,000 ሰው ብቻ እንዲገባ ከ2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ገደብ ተጥሎበት ትኬቱ በስም ሆኗል። ጥላ በሌለው ድንጋይ ላይ በሐምሌ ፀሐይ ግማሽ ቀን መንከራተት አዋቂንም ያስጠላል። ፖምፔይን በቀበረው የ79 እ.ኤ.አ. የቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ ፍንዳታ አብሮ የጠፋው ሄርኩላኒየም በጣም ያነሰ ነው፤ ፎቅ ቤቶቹ ቆመዋል፤ የከሰለ አልጋና በር እስከ ዛሬ ይታያል። ከጥንቱ ባሕር ዳርቻ ባሉት የጀልባ ማቆሚያ ቅስቶች ውስጥ መርከብ ሲጠብቁ ያለቁ ወደ 300 የሚጠጉ ሰዎች አፅም ተገኝቷል። ያንን ቆሞ ያየ ልጅ ስልኩን ይረሳል።

ፔስቱምም አለ። ከሳሌርኖ በተራ ባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል ነው፤ ከጣቢያው ደግሞ በደልዳላ መንገድ ጥቂት ደቂቃ በእግር። ሦስት የግሪክ ቤተ መቅደሶች ሣር ላይ ቆመዋል፤ ሦስቱም ከአቴናው ፓርቴኖን በዕድሜ ይበልጣሉ። በሙዚየሙ ውስጥ በ1968 እ.ኤ.አ. የተገኘ አንድ መቃብር አለ። ክዳኑ በውስጥ በኩል ተስሏል፦ ራቁቱን የሆነ ወጣት ከከፍታ ተወርውሮ፣ እጆቹን ዘርግቶ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ወደ ውኃ ሲጠልቅ። ከታቹ ሞገድ፣ ከግራና ከቀኝ ሁለት ቀጫጭን ዛፎች፤ ሌላ ብዙም ነገር የለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት 480 ገደማ አንድ ሰው ሞትን የሳለው እንደ ዋና አድርጎ ነው። ትናንት ከድንጋይ ላይ ሲዘል የዋለ ልጅ ይህን ሥዕል ለማየት አስጎብኚ አያስፈልገውም። ከዚህ ሁሉ በላይ በጣሊያን የመንግሥት ሙዚየሞችና ፍርስራሾች ከ18 ዓመት በታች የሆነ ሁሉ፣ የየትም አገር ዜጋ ቢሆን፣ በነፃ ይገባል፤ ፓስፖርት ማሳየት ብቻ ነው።

ለእኛ ልጆች ደግሞ ሌላ ታሪክ አለ፤ በዕቅዶቹ ውስጥ ግን አይገኝም። የአክሱም ሐውልት በመጋቢት 1937 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ምድር የነካው ናፖሊ ወደብ ላይ ነው፤ ያመጣችው መርከብ ስም «አድዋ» ነበር። ሐውልቱ ወደ አገሩ የተመለሰው በ2005 እ.ኤ.አ. ነው። እዚያው ናፖሊ፣ ፉዎሪግሮታ በሚባለው ሰፈር፣ ፋሽስቶች በግንቦት 1940 እ.ኤ.አ. የከፈቱት የቅኝ ግዛት ኤግዚቢሽን ግቢ አለ። በውስጡ የጎንደሩ የፋሲለደስ መዋኛ ቅጂ ተሠርቶ እስከ ዛሬ ቆሟል። ኤግዚቢሽኑ በተከፈተ በወሩ ጣሊያን ጦርነት ውስጥ ገብታ ተዘጋ፤ ለትርኢት ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡት ሰዎች ግን መመለሻ አጡ። ወደ መካከለኛው ጣሊያን ከተወሰዱት መካከል ጥቂቶቹ በ1943 እ.ኤ.አ. አምልጠው ፋሽስትን ከሚወጉ ሽምቅ ተዋጊዎች ጋር ተሰለፉ። ከናፖሊ በስተምዕራብ ባለችው በፖንዛ ደሴት የኢትዮጵያ ጦር አዛዥ የነበሩት ራስ እምሩ ታስረው ነበር፤ በ1943 እ.ኤ.አ. ሙሶሊኒ ራሱ ከሥልጣን ወርዶ እስረኛ ሆኖ ወደዚያችው ደሴት ተወሰደ። አሜሪካ ተወልዶ «ከየት ነህ?» እየተባለ ያደገ ልጅ ይህን ከአያቱ አፍ፣ እዚያው ቦታ ላይ ቢሰማ ይሰለቻል የሚል ካለ ልጆቹን አያውቃቸውም ማለት ነው። የፋሲለደስ ቅጂ ያለበት ግቢ ዛሬም የኤግዚቢሽን ማዕከል ስለሆነ መግባት የሚቻልበትን ቀን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ከአንድ የካፕሪ ቀን ይልቅ ይህ ታሪክ ይበልጣል።

ወሩም ይታሰብበት። ዕቅዶቹ ነሐሴን ይወዳሉ። ኦገስት 15 የጣሊያኖች ትልቁ የበጋ በዓል ነው፤ አገሩ ሁሉ ወደ ባሕር ይወርዳል፤ ዋጋ ይሰቀላል፤ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ የሚያልፍበት ቀንም አለ። በዚያ ላይ ከነሐሴ 1 እስከ 16 ፍልሰታ ነው። የሚጾሙ እናትን በየምግብ ቤቱ አይብና ዓሣ ፊት ማስቀመጥ አክብሮት አይደለም። በግድ ነሐሴ ከሆነ የናፖሊ ማሪናራ ፒዛ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ብቻ ስለሆነ ይጾሙበታል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ሰኔ አጋማሽ ነው፤ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች በአብዛኛው ተዘግተዋል፤ ውኃው ሞቋል፤ ሕዝቡ ገና አልጎረፈም።

አንድ ከተማ መያዝ ለወረቀቱም ይቀላል። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ለሼንገን ቪዛ የሚያመለክቱ አያት የየሌሊቱን ማደሪያ ማሳየት አለባቸው፤ ሰባት ሆቴል ከማስረዳት አንድ ቤት ማስረዳት ይሻላል። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና መድን ግዴታ ነው። ለልጆቹ ደግሞ ሁለቱም ወላጆች የፈረሙበትና የተረጋገጠ የፈቃድ ደብዳቤ ይያዝ፤ የልጅ ልጅ የአባት ስም ከአያት ፓስፖርት ጋር ስለማይመሳሰል የድንበር ሠራተኛ መጠየቁ አይቀርም።

በመጨረሻ የሥልጣን ጉዳይ አለ። ልጆቹን «ምን ትፈልጋላችሁ?» ብሎ ጠይቆ፣ መልሱን ሰምቶ፣ ቀድሞ የተወሰነውን መፈጸም የቤተሰባችን የቆየ ልማድ ነው። ይህ መጠየቅ አይደለም። አንድ ሙሉ ቀን ይሰጣቸው፤ ገንዘቡ በእጃቸው ይሁን፤ ባቡሩን፣ ምሳውን፣ የመመለሻውን ሰዓት እነሱ ይወስኑ፤ አያት ተከትለው ይሂዱ። ባቡር ቢያመልጣቸው ቀጣዩን ይጠብቃሉ። ያ ቀን ከሁሉ ቀን በላይ ይወራል። ስለ ደኅንነት የሚሰጋ ወላጅ ተገቢ ሥጋት አለው፤ ናፖሊን ከሶሬንቶ የሚያገናኘው ተራ ባቡር የኪስ አውላቂ መናኸሪያ ነው። መፍትሔው ግን ልጁን መከልከል ሳይሆን ቦርሳውን በደረቱ እንዲይዝ መንገር ነው።

እንግዲህ ዕቅድ የምታወጡ ወላጆች፣ ትኬት ከመግዛታችሁ በፊት ዝርዝሩን አውጡና ግማሹን ሰርዙ። ከቀረው ግማሽ ውስጥ ምን እንደሚቆይ እናታችሁንና ልጆቻችሁን ጠይቁ። የሚሄዱት እነሱ ናቸው።