«ጊዜው አልፎባቸዋል፣ ጣያቸው ይለኛል... እውነት ልጣላቸው?»

የዛሬዋ ጠያቂያችን የጻፈችልን ከወዲያ ማዶ፣ ከአሜሪካ ቨርጂኒያ ነው፡፡ ደብዳቤዋ ረዘም ስለሚል ዋና ዋናውን እናስነብባችሁ፡፡

«...እናቴን ካየኋት 7 ዓመት ሆነኝ፡፡ ዘንድሮ ቪዛ አግኝታ ለፋሲካ ልትመጣልኝ ነው፡፡ እማዬ አበባ ስትወድ ለጉድ ነው፡፡ አዲስ አበባ ያለው ግቢያችን የወተት ጣሳ ሳይቀር አበባ የተተከለበት ነው፡፡ እኔም ስትመጣ በሬ ላይ ፈክቶ ይቀበላት ብዬ በጥቅምት 50 ራስ ቱሊፕና 20 ራስ ዳፎዲል ገዛሁ፡፡ ግን በሁለት ሥራ መሀል ቀኑ አለፈ፡፡ ቱሊፑ ከኅዳር አጋማሽ ጀምሮ ጋራዥ ውስጥ ነው፤ ዳፎዲሉ ኩሽና ቁም ሳጥን ውስጥ ተረስቷል፡፡ ይኸው ጥር ገባ፣ መሬቱን ብርድ አድርቆት ድንጋይ ሆኗል፡፡ አብሮኝ የሚኖረው ወንድሜ ‹ጊዜው አልፎባቸዋል፣ ጣያቸው፡፡ ካልሆነም ለከርሞ አስቀምጫቸው› ይለኛል፡፡ እኔ ግን ለእማዬ በስልክ ነግሬያታለሁ፡፡ ምን ላድርግ?»

እህታችን፣ ኧረ እንዳትጥያቸው! ለከርሞ ማስቀመጡ ደግሞ ከመጣል አይሻልም፡፡ ይሄ የሽንኩርት ራስ የመሰለ ነገር እንደ ደረቅ ዘር ዝም ብሎ የሚቀመጥ አይደለም፡፡ ሕይወት ያለው፣ ስንቁን በሆዱ ይዞ የሚተነፍስ ነገር ነው፡፡ አንዱን ራስ እንደ ሽንኩርት ለሁለት ብትሰነጥቂው የዘንድሮዋን አበባ እንጭጯን መሀሉ ላይ ታገኛታለሽ፡፡ እስከ መጪው ጥቅምት ካቆየሽው ስንቁን ጨርሶ ይደርቃል ወይም ይበሰብሳል፡፡ ስለዚህ የሚተከለው አሁን ነው፣ በዚህ ሳምንት፡፡

አሁን ወደ ሂሳቡ እንምጣ፡፡ ቱሊፕ መነሻው መካከለኛው እስያ ነው፡፡ ክረምቱ አጥንት የሚሰብር አገር ስለሆነ ብርድ ሳይጠግብ ቀና ብሎ አያብብም፡፡ ከ12 እስከ 16 ሳምንት ከ9 ዲግሪ በታች መቆየት አለበት፡፡ ሰው ሁሉ በጥቅምትና በኅዳር የሚተክለውም ለዚሁ ነው፡፡ ታዲያ ቁም ነገሩ ምን መሰለሽ? ብርዱ የሚቆጠረው አፈር ውስጥ ብቻ አይደለም! ጋራዥሽ ማሞቂያ ከሌለው ቱሊፑ ከኅዳር አጋማሽ ወዲህ 8 ሳምንት ያህል ቆጥሮልሻል፡፡ ዛሬ ብትተክዪው እስከ መጋቢት አጋማሽ ሌላ 8 ሳምንት ይጨምራል፡፡ ሞላ ማለት ነው!

የዳፎዲሉ ነገር ይለያል፡፡ ኩሽና ሞቃት ነው፣ እዚያ የቆየበት አንድም ቀን አይቆጠርለትም፡፡ ደግሞም ሥሩን በጊዜ መስደድ የሚወድ ስለሆነ መዘግየት ይጎዳዋል፡፡ ዘንድሮ ቅጠል ብቻ አውጥቶ ዝም ቢል አትዘኚ፤ ከርሞ ሊያብብልሽ ይችላልና ትከዪው፡፡

ከመትከልሽ በፊት አንድ በአንድ ጫን እያደረግሽ እያቸው፡፡ ጠንከርና ከበድ ያለው ደህና ነው፡፡ ሲጫኑት የሚለሰልሰውን፣ ቀሎ ባዶ የሆነውን ግን ጣዪው፡፡ ቡቃያ ያወጣ ካለ አትደንግጪ፣ እንዳይሰበር ብቻ ተጠንቀቂ፡፡

መሬቱን በተመለከተ፣ በአንቺ አካባቢ አብዛኛውን ጊዜ በብርድ የሚደርቀው የላይኛው ቅርፊት ነው፡፡ ፀሐይ የወጣበትን ቀን ጠብቀሽ በአካፋ ስበሪው፡፡ ሥሩ ይለሰልሳል፡፡ ሹሉን ጫፍ ወደ ላይ አድርገሽ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ቅበሪው፣ አንዴ ውሃ አጠጪው፣ ደረቅ ቅጠል አልብሺው፡፡ በሰፈሩ የሚሯሯጡት ሽኮኮዎች ቱሊፕ ቆፍረው መብላት ስለሚወዱ ሽቦ ወንፊት አንጥፊበት፡፡ ዳፎዲል ግን መርዝ ስላለው አይነኩትም፡፡ (በነገራችን ላይ የተረፈውን ኩሽና አታስቀምጪ! እማዬ ሽንኩርት መስሏት ወጥ ውስጥ ብትከተው ጉድ ነው፡፡)

አፈሩ እምቢ ካለሽ ግን አትታገዪው፡፡ ሥሩ ቀዳዳ ባለው ሰፊ ሳክሲ ውስጥ ሊነካኩ ትንሽ እስኪቀራቸው ድረስ አጠጋግተሽ ትከያቸውና እዚያው ጋራዥ መልሻቸው፡፡ እንዲያውም እኛን ብትሰሚ ግማሹን በሳክሲ አድርጊው፡፡ ቡቃያው ብቅ ሲል ተሸክመሽ በርሽ ላይ ታቆሚዋለሽ፡፡

የእናትሽ ጉዳይስ? እውነቱን እንነጋገር፡፡ በጊዜው የተተከለ ቱሊፕ በእናንተ አካባቢ ሚያዝያ መግቢያ ላይ ያብባል፡፡ ያንቺው ግን ወደ ሚያዝያ መጨረሻ ወይም ግንቦት ሊገፋ ይችላል፣ ቁመቱም አጠር ይላል፡፡ ለፋሲካ ላይደርስ ይችላልና በስልክ «ፈክቶ ይጠብቅሻል» ማለቱን ተይው፡፡ «እማዬ፣ ዘግይቼ ነው የተከልኩት፣ አብረን እናየዋለን» በያት፡፡ ግቢ ሙሉ አበባ ያሳደገች እናት ዘገየሽ ብላ አትቀየምም፤ ይልቅ ጠዋት ጠዋት ወጥታ «ዛሬስ?» እያለች የምትጠባበቀው ነገር ታገኛለች፡፡ ባዶ በር አይቀበላት ካልሽ በዚያ ሰሞን ሱፐርማርኬት በሳክሲ ያበበ ቱሊፕ ይሸጣል፡፡ አንዱን ግዢና አስቀምጪላት፡፡ «እኔ ነኝ የተከልኩት» እስካላልሽ ድረስ ምንም ነውር የለበትም፡፡

እዚህ አዲስ አበባ ያላችሁ አንባብያንም ራሱ እጃችሁ ቢገባ እንዳትሸወዱ፡፡ የኅዳር ውርጭ ለእኛ ብርድ ነው፣ ቀኑ ስለሚሞቅ ግን ለቱሊፕ አይበቃውም፡፡ በወረቀት ከረጢት አድርጋችሁ ፍሪጅ ውስጥ ከ12 እስከ 16 ሳምንት አቆዩት፡፡ የበረዶ ቤቱ ውስጥ ግን እንዳይገባ! ከፖምና ከሙዝም አርቁት፤ ፍሬ ሲበስል የሚያወጣው ጋዝ ውስጡ ያለችውን አበባ ይገድላታል፡፡

እህታችን፣ ሲያብብ ፎቶ መላክሽን እንዳትረሺ፡፡ ለወንድምሽም ሰላምታችንን አቅርቢልን፣ አካፋውንም ስጪው፡፡